ጉንዳኖቹን አሳዪኝ

የሲስተር ጥሩወርቅን ማረፍ የነገረኝ ሰው የለም፤ ስልኬ ላይ ነው ያየሁት። ድሮ አንድ ክሊኒክ ውስጥ አብረን የሠራን ሰዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ብዙውን ጊዜ የበዓል ካርድ መለዋወጫና የሥራ ማስታወቂያ መለጠፊያ ነው። ጠዋት ከየካ አባዶ ወደ ሥራ በሚወስደኝ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቤ ተቀምጬ ስከፍተው፣ ጥቁር መደብ ላይ በወርቃማ ፊደል የተጻፈ የሐዘን መግለጫ ወጣ። ስማቸው መሐል ላይ፣ ሙያቸው መሐል ላይ፣ የቀብሩ ሰዓት መሐል ላይ። አንዱ መስመር ረጅም፣ ሌላው አጭር፣ ዙሪያው በአበባ የታጠረ።

ከእንባዬ የቀደመው ሐሳብ «ሲስተር ይህን ቢያዩ በገዛ እጃቸው ይቀዳድዱት ነበር» የሚል ነበር። ወዲያው ደግሞ የራሳቸው አባባል ትዝ አለኝ። «ወረቀት ላይ መሐል የሚቀመጠው ሙሽራና ሬሳ ብቻ ነው» ይሉ ነበር። በራሳቸው ሕግ፣ አሁን መሐሉ የሚገባቸው ሆነዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበሩት እናት ምን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ ሶፍት አቀበሉኝ።

ክሊኒኩ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ነበር። ድሮ መኖሪያ ቤት የነበረ ግቢ ነው፤ ሳሎኑ ካርድ ክፍል ሆኗል፣ ጋራዡ ላቦራቶሪ። እኔ ከኮሌጅ እንደወጣሁ እዚያ በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ሲስተር ጥሩወርቅ ሜትሮን ነበሩ፤ የነርሶቹ ሁሉ አለቃ ማለት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸውን በጥቁር ሻሽ ጥብቅ አድርገው የሚያስሩ ሴት ናቸው። ሌሎቹ ነርሶች ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ መቀስና እስክሪብቶ ሲይዙ እሳቸው ማስመሪያ ይይዙ ነበር። ጫፉ የተሸረፈ፣ ቁጥሮቹ የደበዘዙ የፕላስቲክ ማስመሪያ። መጀመሪያ ሳየው ሰው የሚመቱበት መስሎኝ ነበር።

የተገናኘነው በጠብ ነው። የነርሶቹን የፈረቃ ሠንጠረዥ እንድሠራ ታዘዝኩና ጥበቤን ሁሉ አፈሰስኩበት። ርዕሱን ሐምራዊ አደረግሁት፣ ስሞቹን በሙሉ መሐል አስገባሁ፣ ከላይ በግራ በኩል አንዲት ጽጌረዳ ተከልኩ። ሲስተር ወረቀቱን ተቀብለው ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፉት። ወደ ኋላ ራቅ ብለው ቆሙና ዓይናቸውን ግማሽ ጨፈኑ። እኔንም ከጎናቸው አቆሙኝ።

ሐሙስ ተረኛዋ ማን እንደሆነች ጠየቁኝ። አፈጠጥኩ፣ አንገቴን አሰገግኩ፣ ስሞቹ ወዲያና ወዲህ ተንገዋለሉብኝ። የሠራሁትን ማንበብ አቃተኝ።

«አንቺ ገና ጠዋት ነው የገባሽው» አሉኝ። «ይህን የሚያነበው ሌሊቱን ሙሉ በእግሩ የቆመ ሰው ነው። ሠንጠረዥ የሚሠራው ለደከመ ዓይን ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቴ ተጀመረ፤ ማንም ሳይመዘግበኝ። ስም ከግራ ይጀምራል፣ ዓይን መነሻውን እንዳያጣ። ቁጥር በቀኝ ይሰለፋል፣ አንድ ቤት ከአንድ ቤት ሥር፣ ዐሥር ቤት ከዐሥር ቤት ሥር። ነጥብ ያለው ቁጥር ከሆነ ነጥብ ከነጥብ ሥር ይቆማል። ዘጠኝና ዘጠና መሐል ለመሐል ሲቆሙ ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደሆነ አይታወቅም፤ በእሳቸው ሥራ ደግሞ ይህን አለማወቅ ሰው ይገድላል። ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ማስመሪያውን መስመሩ ሥር አስቀምጠው፣ አንድ በአንድ ወደ ታች እያወረዱ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ። በዚያ ማስመሪያ ሳያልፍ ግድግዳ ላይ የሚወጣ ወረቀት አልነበረም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይሉኛል፤ «ሳይዝ በፊት እዪው።»

እልኸኛም ነበሩ፣ አልዋሽም። በየመስመሩ መሐል ሰረዝ ሳስገባ «እስር ቤት አታድርጊው» ብለው ያስጠፉኛል። ኮምፒውተር ላይ ሠንጠረዥ በወጉ እንዲሠሩ፣ እያንዳንዱን ነገር በየሳጥኑ እንዲያስገቡ ላሳያቸው ብሞክር አልሰሙኝም። እሳቸው ዋርድ ውስጥ ባለችው አሮጌ ኮምፒውተር በሁለት ጣት እየመቱ፣ በዓይናቸው እየለኩ መሥራት ይሻላቸው ነበር። አንድ ጊዜ፣ የተደበቁትን ምልክቶች የምታወጣውን ቁልፍ ተጫንኩላቸው። በየቃሉ መሐል ነጥብ፣ በየመስመሩ መጨረሻ ደግሞ ኤንተር የተመታበት ምልክት ብቅ ብቅ አለ።

«ምነው ልጄ፣ ወረቀቴ ላይ ጉንዳን ለቀቅሽበት» አሉና ቶሎ አጥፊልኝ ብለው እጃቸውን አወናጨፉ። እንዲህ እየተጓተትን ሳናውቀው ተዋደድን።

ኋላ ጣጣ ያስከተለብን ወረቀት የመጣው በክረምት ነው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ ለሕፃናት የሚሰጡ መድኃኒቶች መጠን የሚታይበት ወረቀት አርጅቶ፣ ቀለሙ ለቆ ነበር። ሲስተር አዲሱን ራሳቸው ሊሠሩት ተነሱ። በግራ በኩል የመድኃኒቱ ስም በእንግሊዝኛ፣ ከጎኑ ለምን እንደሚሰጥ በአማርኛ፤ ሰው ሲደነግጥ የሚገባው የለመደው ቋንቋ ነው ብለው። በቀኝ በኩል ደግሞ ለልጁ ክብደት የሚሰጠው መጠንና አሰጣጡ። እኔ ልርዳዎት ብል «አንቺ አበባ ትተክይበታለሽ» ብለው አባረሩኝ። ሲጨርሱ የዋርዱ ፕሪንተር ቀለም አልቆበት ስለነበር ፋይሉን በፍላሽ ይዘውልኝ መጡ።

«እንዳለ አትሚው» አሉኝ። «ነጥብ እንዳትነኪ።»

አልነካሁም። ከፍቼ አተምኩት፣ ታች ፎቶ ኮፒ ቤት ወርጄ ፕላስቲክ አስለበስኩት፣ አምጥቼ በእጃቸው ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ዘርግተው አዩት። ከላይ አዩ፣ ከታች አዩ፤ ፈገግ አሉ። ማስመሪያው ከኪሳቸው አልወጣም። ይህን ያኔም አስተውያለሁ፤ ግን የራሳቸው ሥራ ነው፣ ምን ያስመረምራቸዋል ብዬ አለፍኩት። ድንገተኛ ክፍል፣ ከአልጋው በላይ ተሰቀለ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አንዲት እናት ልጇን በነጠላ ጠቅልላ እየሮጠች ገባች። ልጁ ትኩሳቱ አናቱ ላይ ወጥቶ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑ ተገልብጧል፣ አፉ አረፋ ይዟል። እኔ ካርዱን ይዤ ተከትያት ገባሁና በሩ ላይ ቀረሁ። ተረኛዋ ቤዛ ነበረች፤ ጎበዝ ወጣት ነርስ፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ። ልጁን አስመዘነች፣ ቀና ብላ ግድግዳውን አነበበች፣ መድኃኒቱን ሳበች።

ሲስተር ጥሩወርቅ የልጁን ጭንቅላት ይዘው ነበር። የቤዛን ሲሪንጅ አዩት።

«እጅሽን አቁሚ» አሉ፤ ቀስ ብለው።

ቤዛ ቆመች። ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የሳብኩት አለች። ሲስተር ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። ወረቀቱ እውነትም የሚለው ያንኑ ነው። እናትየዋ «ስጡት እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ» እያለች የአልጋውን ብረት ይዛ ትወዘውዛለች። ያችን አፍታ አልረሳትም። በአንድ በኩል የራሳቸው ወረቀት፣ በራሳቸው እጅ የተጻፈ፤ በሌላ በኩል ዕድሜ ልካቸውን ያዩት ሲሪንጅና የልጁ ማነስ። እዚያ ክፍል ውስጥ ልጁን ከዚያ መድኃኒት የለየው የእሳቸው ጥርጣሬ ብቻ ነበር።

«ወረቀቱ ተሳስቷል» አሉ። መሳቢያውን ከፍተው መጽሐፉን አወጡ፣ ማስመሪያቸውን መስመሩ ሥር አደረጉ፣ ለቤዛ ጮክ ብለው አነበቡላት። ቤዛ በሲሪንጁ ከነበረው አብዛኛውን ደፋችው። የቀረችው ጥቂት ናት። ልጁ ተወጋ፤ ጥቂት ቆይቶ ሰውነቱ ላላ፣ መተንፈሱ ተስተካከለ፣ እንቅልፍ ወሰደው። ሲስተር ወንበር ላይ ወጥተው ወረቀቱን ከግድግዳው ነቀሉትና በብብታቸው ይዘው ወጡ። በአጠገቤ ሲያልፉ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

እናት ዝም አትልም፤ እንዴትስ ትበል። አባትየው ከሥራው ሲደርስ ሁሉን ነገረችው። የተደፋውን መድኃኒት በዓይኗ አይታለች። ሰውየው አልጮኸም። ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ልጄን ሊገድል የነበረውን ሰው ስም ሳልይዝ ከዚህ አልነሳም አለ። ይህ ከጩኸት የባሰ ነበር።

የክሊኒኩ ባለቤት፣ ሁላችንም ዝም ብለን ዶክተር የምንላቸው፣ ሲስተርን፣ ቤዛንና እኔን ቢሯቸው ጠሩን። ጠረጴዛቸው ላይ የእኔ የቋሚ ቅጥር ደብዳቤ ነበር። ራሴ ጽፌ፣ ራሴ አስተካክዬ፣ ለፊርማ ያስቀመጥኩት። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። እናቴን ይዤ የካ አባዶ ቤት የተከራየሁት ያንን ደብዳቤ ተማምኜ ነው። ዶክተር የተሳሳተውን ወረቀት ከሲስተር ተቀብለው እሱ ላይ ጣሉት።

«አንድ ስም እፈልጋለሁ» አሉ።

ሲስተር ፋይሉን ሳላይ ስም አልሰጥም አሉ። ሁላችንም ተከትለናቸው ዋርድ ገባን። አሮጌዋን ኮምፒውተር ከፈቱ፣ ፋይሉን አወጡ። ማስመሪያቸውን ስክሪኑ ላይ አስደግፈው ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ወረዱ። እያንዳንዱ መድኃኒት ከየራሱ መጠን ጋር ፊት ለፊት ቆሟል። አንድም የተዛነፈ የለም። የታተመው ወረቀት ላይ ግን ከላይ ያሉት ልክ ናቸው፣ ከታች ያሉት ልክ ናቸው፣ መሐሉ ብቻ ተንሸራቷል፤ አንዱ የሌላውን መጠን ይዟል።

ዶክተር ወደ እኔ ዞሩ። እዚህ ልክ ከሆነ፣ እሷ ጋ ደርሶ ከተበላሸ፣ ነገሩ ግልጽ ነው አሉ፤ ነካክታዋለች። የሐምራዊውን ሠንጠረዥ ነገር እዚያ ግቢ ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔ ማሳመር እንደምወድ በር ላይ ያለው ጥበቃ እንኳ ያውቃል። ቤዛ መሬት መሬቱን ታያለች። ምንም አልነካሁም አልኩ፤ ድምፄ ግን የነካ ሰው ድምፅ ሆኖ ወጣ። ሰማይ ተደፋብኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ራሴንም መጠርጠር ጀምሬ ነበር፤ ሳላውቀው አንዷን ቁልፍ ጫን አድርጌ ይሆን እያልኩ። ሥራው ብቻ አይደለም። የሕፃን መድኃኒት ያበላሸች ጸሐፊ ተብሎ የወጣ ስም ኮተቤ ብሄድም ሳሪስ ብሄድም ይከተለኛል።

ሲስተር አልዞሩም። የታተመውን ወረቀት ከስክሪኑ ጎን አቁመው ያነጻጽራሉ። ማስመሪያው ከላይ አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ቆመ። እሳቸው ስክሪን ላይ በአንድ መስመር ያለቀው የአማርኛ ጽሑፍ፣ ወረቀቱ ላይ ሁለት ቃል ተርፎት ወደ ሁለተኛ መስመር ወርዷል። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ሰላማዊት» አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ። «ጉንዳኖቹን አሳዪኝ።»

ቁልፉን ተጫንኩ። ምልክቶቹ ብቅ አሉ፤ በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ አንድ፣ ከላይ እስከ ታች ተሰልፈው። ወዲያው ገባኝ። ሲስተር እያንዳንዱን መድኃኒት ከነመጠኑ ለብቻው ሳጥን አላስገቡትም። ግራውን በሙሉ አንድ ረጅም ሳጥን ውስጥ፣ ቀኙን በሙሉ ሌላ ረጅም ሳጥን ውስጥ ጽፈው፣ ኤንተር እየመቱ በዓይናቸው ነው ያገናኟቸው። የእኔ ኮምፒውተር ላይ የእሳቸው የአማርኛ ፎንት የለም። ማሽኑ ሌላ፣ ወፈር ያለ ፊደል ተካበት፤ መስመሩ አልበቃ አለው፤ ግራው አንድ መስመር ወረደ፣ ቀኙ ባለበት ቀረ። ከታች ደግሞ ቀኙ በተራው ሞልቶ አንድ መስመር ወረደና መጨረሻው ተገናኘ። ላይ ላዩን የሚያይ ሰው ምንም አያገኝበትም። እስር ቤት አይሁን የተባሉት ሰረዞች ቢኖሩ ኖሮ ያስታውቁ ነበር፤ ግን አልነበሩም።

አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ብናገር እድናለሁ። ግን ለእሳቸው፣ በዶክተር ፊት፣ በራሳቸው ነርስ ፊት፣ ይህን እንዴት ብዬ ልናገር? ደግሞስ «ጉንዳን ነው፣ ምንም የለበትም» ቢሉ ከእሳቸውና ከእኔ ማን ይታመናል? ዶክተር ስክሪኑን ትክ ብለው አይተው ይህ ነጠብጣብ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። አልገባቸውም ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ነገሩ የገባን ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አንዷ መናገር ያቃታት ናት።

«የእኔ እጅ ነው፣ ዶክተር» አሉ ሲስተር።

ከዚያ ቁጭ ብለው አስረዷቸው፤ ልክ ለአዲስ ነርስ እንደሚያስረዱት፣ በማስመሪያ እያሳዩ። ግራና ቀኙ ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር እንጂ እጅ ለእጅ አልተያያዙም አሉ፤ አንዱ ሲደናቀፍ ሌላው ጥሎት ሄደ። ዶክተር እኔና ቤዛ እያለን፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀንሱ፣ ሲስተር ያስቡበት አሉ። ሜትሮን ተሳሳተች ከሚባል፣ ልጅቷ ገና በሙከራ ላይ ናት፣ ሌላ ቦታ ታገኛለች አሉ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ፤ እንደ ወንበር።

«እሷን ቢያባርሩ ወረቀቱ ነገም ይሳሳታል» አሉ ሲስተር። «ሰላማዊት የሰጠኋትን አተመች። ቤዛ የተጻፈላትን አነበበች። የራሴን ሥራ ሳላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ያቆም ነበር። እሳቸው ግን ተነስተው በቀጥታ ወደ ኮሪደሩ ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው፤ ለምን እንደተከተልኩ አላውቅም። አባትየው አግዳሚው ላይ ነው። ሲስተር ከጎኑ አልተቀመጡም፤ ፊት ለፊቱ ቆሙ። ልጁ ደህና እንደሆነ፣ ግን ደህና ላይሆን ይችል እንደነበር ነገሩት። ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው አስጻፉት። ሰውየው ስልኩ ላይ ሲጽፍ ጣቱ እየሳተ ሁለት ጊዜ አጠፋው። ሲስተር ፊደሉን እየቆጠሩ ደገሙለት።

ይቅርታ ያደርግላቸዋል ብዬ ነበር፤ መርፌውን ያስቆሙት እሳቸው አይደሉ? አላደረገም። ሜትሮኗ ከቦታዋ ካልተነሳች አቤቱታዬን አልተውም አለ፤ አልተወም። ዶክተር ተሸነፉ። ሲስተር ጥሩወርቅ ተራ ነርስ ሆኑ፣ ቦታቸውን ቤዛ ያዘች። ራሳቸው ያሠለጠኗት ልጅ ስታዛቸው «እሺ ሲስተር» እያሉ ሲታዘዙ ማየት እኔን አንጀቴን ይበላኝ ነበር፤ ቤዛን ደግሞ ለብዙ ጊዜ አሳቀቃት። የእኔ ደብዳቤ ተፈረመ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እያየሁት አፈርኩ፤ በእሳቸው ቦታ የተገዛ መሰለኝ። ይህንን አንድ ቀን ብነግራቸው ተቆጡኝ። «ያልሠራሽውን አትሸከሚ፤ የእኔን ለእኔ ተዪልኝ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ይበልጥ እወደዋለሁ። በምሳ ሰዓት ሳህናቸውን ይዘው ቢሮዬ ይመጡና ሠንጠረዥ አስተምሪኝ ይሉኛል። ተማሪ ሆነው ከባድ ነበሩ፣ እግዜር ነፍሳቸውን ይማርና። ማውሱን እንደ በግ ገመድ ጨምድደው ይይዙታል። አንድ ሳጥን ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚለውን ሕግ ሲሰሙ «ለካ ለእያንዳንዱ የራሱ ክፍል አለው» ብለው ተገረሙ፤ ቀጥለው ግን ሳጥን ሁሉ ይጠፋባቸው ጀመር። ሰረዞቹንም ፈቀዱ፤ ሳሳ ብለው ግራጫ እስከሆኑ ድረስ። ፋይሉ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት እንዳይለወጥ አድርጎ ማስቀመጥ ያሳየኋቸው ቀን፣ አስቀምጠውት፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ ከፍተውት፣ ካርድ ክፍል ወርደው እዚያም ከፍተውት ተመለሱ። የድንገተኛ ክፍሉን ወረቀት እንደገና ሠሩት። ቤዛ አይታ ፈረመችበት። ያ አባት ግን ልጁን ዳግመኛ አላመጣም።

በዚያ ዘመን ነው አዲሱ አባባላቸው የመጣው። ወረቀት ሳመጣላቸው ማስመሪያቸውን አውጥተው አንድ ጊዜ ይወርዱበታል። የራሳቸው ከሆነ ወርደው ሲጨርሱ እንደገና ከላይ ይጀምራሉ። ለምን ስላቸው «የሰውን አንዴ፣ የራስን ሁለቴ» አሉኝ። «የሰው ሥራ ላይ ዓይንሽ ጠላት ነው። የራስሽ ላይ ግን ዘመድ ነው፤ ዘመድ ይሸፋፍናል።»

እኔ በኋላ ኮተቤ አንድ ትምህርት ቤት ሥራ አግኝቼ ሄድኩ። የመሰናበቻ ዕለት ማስመሪያቸውን ይሰጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሰጡኝም። «የራስሽን ግዢ» አሉኝ። ገዛሁ። መንገድ ላይ አልፎ አልፎ እንገናኝ ነበር፤ ጡረታ ወጥተው፣ ሻሻቸው እንደዚያው ጥብቅ ብሎ። ባለፈው ዓመት መታመማቸውን ሰምቼ አንድ ጊዜ ጠየቅኋቸው። የመድኃኒታቸውን መውሰጃ ሰዓት አልጋው አጠገብ ለጥፈውታል፤ ስሙ በግራ፣ ሰዓቱ በቀኝ፣ መሐሉ ላይ ሳሳ ያለ ግራጫ ሰረዝ።

የሐዘን መግለጫውን ባየሁ ዕለት፣ ረፋዱ ላይ ልጃቸው ማርታ ደወለችልኝ። በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ አጎቷ በእጁ ጽፎታል፤ እናቴ ብትኖር ካንቺ በቀር ለማንም አትሰጠውም ብላ ፎቶውን ላከችልኝ። ቢሮዬ ተቀምጬ መተየብ ጀመርኩ። ስማቸውን መሐል አደረግሁት፤ በሕጋቸው መሠረት። ሌላውን ሁሉ ከግራ አስጀመርኩ። የትውልድ ቦታ፣ ትምህርት፣ ትዳር፣ ልጆች። ከዚያ እንዲህ የሚል መጣ፦ «በረጅም የሥራ ዘመናቸው አንድም ስህተት ሳይገኝባቸው በታማኝነት አገልግለዋል።»

እጄ ቆመ። ሰው ሲሞት እንዲህ ይባላል፣ ማንም አይቀየምም፣ ተይቢውና ጨርሺ አልኩ ለራሴ። ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር እንዳለች ከታተመች ያቺ ከሰዓት በኋላ አልነበረችም ማለት ነው፤ እኔም አልዳንኩም ማለት ነው። ለማርታ ደወልኩላት። አጎቷ ሊቆጣ እንደሚችል፣ እኔም የቤተሰብ ነገር ውስጥ መግባት እንደማይገባኝ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ስልኩ ውስጥ የለቀስተኛ ድምፅ ይሰማኛል።

«ያን ዕለት ማታ እቤት መጥታ ሁላችንንም አስቀምጣ ነገረችን» አለችኝ ማርታ። «ከሰው አፍ እንዳትሰሙት አለችን። አጎቴን ለእኔ ተዪው፤ አንቺ እንደነበረው ጻፊው።»

ዓረፍተ ነገሩን አጠፋሁት። በቦታው ይህን ጻፍኩ፦ «ሲሳሳቱ ሌላ ሰው እስኪጠየቅበት አልጠበቁም፤ በገዛ ስማቸው ጠሩት።» በስተመጨረሻ የቀብሩን ሥርዓት ቅደም ተከተል በትንሽ ሠንጠረዥ አደረግሁት፤ እያንዳንዱ በየሳጥኑ።

የቢሮው ፕሪንተር ለግል ጉዳይ አይፈቀድም። ፋይሉን በፍላሽ ይዤ መንገድ ዳር ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ልጅ ከፍቶ፣ አትሞ፣ ገና የሚሞቀውን ወረቀት ሰጠኝና እጁን ለሂሳብ ዘረጋ። ማስመሪያዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ ወረድኩ፤ ሁሉም በቦታው ነው። ከኋላዬ ሰልፍ ተሠርቷል፤ ተማሪዎች የምርምር ጽሑፋቸውን ታቅፈው ቆመዋል፣ አንዷ ሰዓቷን ታያለች። ልጁ ትዕግሥቱ አለቀና፣ ልክ ነው እኮ እህቴ፣ አየሽው አይደል፣ የማን ሥራ ቢሆን ነው አለኝ።

«የራሴ» አልኩትና ማስመሪያውን መልሼ ከስማቸው ሥር አስቀመጥኩ።